የሰው አንጎልና መከላከያ ሽፋኖቹ፦ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ትምህርት ተብሎ የሚጠራው ሥራ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ነው፤ ይኸውም አንጎል ነው። መምህሩ ፊደል ሲያስቆጥር፣ ስሌት ሲያስተምር፣ ጠባይ ሲያርም የሚሠራው ከዚሁ የሰውነት ክፍል ጋር ነው። ገበሬ የሚያርሰውን መሬት፣ አናጢ የሚጠርበውን እንጨት ጠባይ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ መምህርም የሚሠራበትን የሰውነት ክፍል መሠረታዊ አቀማመጥ ቢያውቅ ለሥራው ይበጀዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው አንጎል ከምን ከምን ክፍሎች እንደተሠራና ከውጭ ወደ ውስጥ በምን በምን ሽፋኖች እንደተጠበቀ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሽፋን የሚከላከለውን ያህል የማይከላከለውም ነገር እንዳለ ማሳየት ነው። የሽፋኖቹን ቅደም ተከተልና ወሰን የሚያውቅ መምህር፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ከሚያጋጥሙ አደጋዎች ሁለቱን፣ ማለትም በራስ ላይ የሚደርስ ምትንና ማጅራት ገትርን፣ በጊዜ ለይቶ የተማሪን ሕይወት ለማትረፍ ይችላል። ስለሆነም ጉዳዩ ለሳይንስ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም።

፩. የአንጎል አጠቃላይ ሁኔታ

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አንጎል በአማካይ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው አንጎል ነው። ይህን የሚያደርስለት ደም ለጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ቢቋረጥ የአንጎል ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በብራዚል ተመራማሪዎች የታተመ ቆጠራ እንደሚያመለክተው በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ በአማካይ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ።

አንጎልን ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚለዩት ሁለት ጠባዮች አሉ። የመጀመሪያው ልስላሴው ነው። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል እንደ ረጋ እርጎ የለሰለሰ ስለሆነ፣ ያለ ድጋፍ በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ በራሱ ክብደት ይዘረጋል። ሁለተኛው በቀላሉ የማይተካ መሆኑ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ይሽራል፤ አጥንት ሲሰበር ይገጥማል፤ የሞተ የአንጎል የነርቭ ሕዋስ ግን በአብዛኛው በሌላ አይተካም። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ሽፋኖች ሁሉ የሚያስፈልጉት በእነዚሁ ሁለት ምክንያቶች የተነሣ ነው።

አንጎል ሦስት ዐበይት ክፍሎች አሉት።

ሀ/ ዐቢይ አንጎል። ይህ ከሁሉም የሚበልጠውና ከላይ የሚገኘው ክፍል ነው። በመካከሉ በሚያልፍ ጥልቅ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች ከሥር በወፍራም የነርቭ ጭረት ነዶ ተያይዘዋል። የግራው ወገን የቀኙን የሰውነት ክፍል፣ የቀኙም የግራውን ያዛል። ላዩን የሚሸፍነው ግራጫ ልባስ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ልባስ ሰፊ ሆኖ ሳለ በጠባብ ስፍራ እንዲወሰን፣ ሰፊ ጋቢ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ተጨማድዶና ተጣጥፎ ይገኛል።

ዐቢይ አንጎል በእያንዳንዱ ወገን አራት አራት ንዑሳን ክፍሎች አሉት። በግንባር በኩል ያለው ለማቀድ፣ ለመወሰን፣ ስሜትን ለመግታትና ሰውነትን በፈቃድ ለማንቀሳቀስ ያገለግላል። በአናት በኩል ያለው የመዳሰስን፣ የሙቀትንና የሕመምን ስሜት ይቀበላል። ከጆሮ ግንድ በላይ በጎን ያለው ለመስማትና ለማስታወስ፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ለማየት የሚያገለግሉ ናቸው። ልዩ ልዩ ተግባሮች ልዩ ልዩ ቦታ እንዳላቸው ካስረዱት ግኝቶች መካከል የታወቀው የፈረንሳዊው ሐኪም የፖል ብሮካ ነው። ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 መናገር ተስኖት የኖረን አንድ በሽተኛ አንጎል ከሞተ በኋላ መርምሮ፣ ጉዳቱ በግራው የግንባር ክፍል ላይ መሆኑን አሳየ። ይሁን እንጂ ክፍሎቹ ተለያይተው የሚሠሩ ናቸው ማለት አይደለም። ተማሪው አንድ ቃል ሲያነብ የማየት፣ የመስማት፣ የማስታወስና የመናገር ክፍሎች በአንድነት ይሠራሉ።

ለ/ ንዑስ አንጎል። ከዐቢይ አንጎል በታችና በስተኋላ ይገኛል። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ከአንጎል የነርቭ ሕዋሳት አብዛኛዎቹ ያሉት በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ሚዛን ለመጠበቅና እንቅስቃሴን ለማቀናጀት ያገለግላል። ጀማሪ ተማሪ እርሳሱን ጨብጦ ፊደል ሲጽፍ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው እጁ ቀስ በቀስ እየተቃና የሚሄደው በአብዛኛው በዚህ ክፍል ሥራ አማካይነት ነው።

ሐ/ ግንደ አንጎል። ይህ ክፍል ዐቢይና ንዑስ አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኝ ነው። የራስ ቅል ወለል ላይ ባለው ትልቅ ቀዳዳ አልፎ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ወደሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ይቀጥላል። ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ መዋጥንና መንቃትን የሚቆጣጠሩ ማዕከሎች የሚገኙት እዚህ ነው። በመሆኑም የዐቢይ አንጎል ጉዳት ሰውን አካለ ስንኩል ሊያደርግ ሲችል፣ የግንደ አንጎል ጉዳት ግን ፈጥኖ ይገድላል።

፪. ከውጭ ወደ ውስጥ፦ መከላከያዎቹ በተራ

የአንጎል ሽፋኖች ለሰው ልጅ አዲስ ግኝት አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ በግብፅ በፓፒረስ ላይ የተጻፈና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራ የቀዶ ሕክምና ጽሑፍ፣ ራሱ ስለተፈነከተ ሰው ሲናገር የአንጎልን እጥፋቶች፣ የሸፈነውን ስስ ገለፈትና በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ይጠቅሳል። የዓባይ ሸለቆ ሐኪሞች ያስተዋሉትን ይህን ነገር ዛሬ በዝርዝር እንደሚከተለው ለማስረዳት ይቻላል።

ሀ/ የራስ ቆዳና የራስ ቅል። የመጀመሪያው ከለላ ጸጉርና የራስ ቆዳ ነው። የራስ ቆዳ ብዙ የደም ሥር ስላለው ጥቂት ሲቆረጥ እንኳ ብዙ ይደማል። ስለዚህ የደሙ ብዛት ብቻውን የጉዳቱን ክብደት አያመለክትም፤ ደም አለመታየቱም ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ከቆዳው ሥር የራስ ቅል አለ። የራስ ቅል 22 አጥንቶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 8ቱ አንጎልን የሚያቅፉ፣ 14ቱ የፊት አጥንቶች ናቸው። አንጎልን የሚያቅፉት ጠፍጣፋ አጥንቶች ከላይና ከታች ጠንካራ፣ በመካከል ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት አሠራር አላቸው። ይህ አሠራር ክብደትን ቀንሶ ምትን ለመቻል ይረዳል። ውፍረቱ ግን በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም፤ ከጆሮ ግንድ ከፍ ብሎ ያለው ጎን ስስ ነው።

በሕፃናት ዘንድ እነዚህ አጥንቶች ገና አልተጋጠሙም። በወሊድ ጊዜ ራስ በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ፣ ከዚያም በኋላ አንጎል የሚያድግበት ስፍራ እንዲያገኝ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ከፊት በኩል በአናት ላይ ያለው ትልቁ ክፍተት እናቶች እርግብግቢት የሚሉት ነው። በአብዛኛው ሕፃናት ዘንድ እስከ 18 ወር ገደማ ይገጥማል። ሲወለድ ከ350 እስከ 400 ግራም የሚመዝነው አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት በሚገባበት በ6 ዓመት ዕድሜው መጠኑ ከዐዋቂ ሰው አንጎል 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለው ግንኙነት መደራጀቱን ይቀጥላል፤ በተለይ የግንባሩ ክፍል የሚበስለው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

እርግብግቢት ለሐኪም እንደ መስኮት ነው። በተቅማጥ ወይም በትውከት ከሕፃኑ ሰውነት ውኃ ሲያልቅ ይሰረጉዳል፤ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ደግሞ ያብጣል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች እርግብግቢትን ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የሰረጎደውን እርግብግቢት የሚመልሰው ቅቤው ሳይሆን፣ ሕፃኑ የጎደለውን ፈሳሽ በእናት ጡትና በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሲተካና ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ነው።

ለ/ ጠንካራው ሽፋን። ከአጥንቱ ውስጥ በኩል ጠንካራ፣ ወፍራምና ነጣ ያለ ቆዳ መሰል ሽፋን ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ሽፋን በአንዳንድ ስፍራ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ግድግዳ በመከፋፈል አንጎል ወዲያና ወዲህ እንዳይናወጥ ይረዳል። አንደኛው ግድግዳ በዐቢይ አንጎል የግራና የቀኝ ወገኖች መካከል ይወርዳል። ሌላው በዐቢይና በንዑስ አንጎል መካከል እንደ ድንኳን ተዘርግቷል። ከአንጎል የሚመለሰው ደም የሚሰበሰብባቸው ሰፋፊ ቦዮችም በዚሁ ሽፋን ውስጥ ይገኛሉ።

በላቲን ቋንቋ ሐኪሞች ይህን ሽፋን «ጠንካራ እናት»፣ ከሁሉም ወደ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ደግሞ «ርኅሩኅ እናት» በሚል ትርጉም ይጠሩታል። እናት የሚለው ስያሜ ከዓረብኛ የሕክምና መጻሕፍት በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን የተተረጎመ ነው። ሽፋኖቹ አንጎልን አቅፈው የሚጠብቁ ስለሆኑ ስያሜው ከሥራቸው ጋር ይስማማል።

ሐ/ ድር መሰሉ ሽፋን። ከጠንካራው ሽፋን ቀጥሎ ስስና የደም ሥር የሌለው ሽፋን አለ። ከሥሩ ወደ አንጎል የሚወርዱት ቀጫጭን ጭረቶች የሸረሪት ድር ስለሚመስሉ ስሙ ከዚሁ የተወሰደ ነው። በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ባዶ አይደለም፤ በፈሳሽ የተሞላ ነው። አንጎልን የሚመግቡት ዋና ዋና የደም ሥሮችም የሚያልፉት በዚሁ ክፍተት ነው።

መ/ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ። ይህ ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው። በአንጎል ውስጥ ባሉ አራት ክፍተቶች ይመነጫል፤ ከዚያም ወጥቶ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከዞረ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። በአንድ ጊዜ የሚገኘው መጠን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። በቀን ውስጥ የሚመነጨው ግን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሆነ ፈሳሹ በየቀኑ ሦስትና አራት ጊዜ ይታደሳል። መውጫው በአንድ ምክንያት ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀማል። አጥንቱ ባልገጠመ ሕፃን ዘንድ ይህ ራስን ከመጠን በላይ ያሳድጋል፤ አጥንቱ በገጠመ ልጅ ዘንድ ግን አንጎሉን ይጫናል።

የፈሳሹ ዋና ጥቅም አንጎልን ማንሳፈፍ ነው። በውኃ ውስጥ ያለ ድንጋይ እንደሚቀል ሁሉ፣ 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው አንጎል በፈሳሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ይህ ባይሆን ኖሮ አንጎሉ በገዛ ክብደቱ ከታች ያሉትን ነርቮችና የደም ሥሮች በተጫነ ነበር።

ሠ/ ስሱ ሽፋን። የመጨረሻው ሽፋን እጅግ ስስ ሆኖ በአንጎሉ ላይ የተለጠፈና እያንዳንዱን እጥፋት ተከትሎ የሚወርድ ነው። በአንጎል ውስጥ የሚገኙት ጥቃቅን የደም ሥሮችም የግድግዳቸው ሕዋሳት እርስ በርስ ጥብቅ ሆነው የተያያዙ ስለሆኑ፣ በደም ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እንዳሻው ወደ አንጎል አይገባም። ይህ ዓይነቱ አጥር አንጎልን ከብዙ መርዝና ጀርም ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ብዙ መድኃኒቶችም እንዳይደርሱ ስለሚከለክል ሕክምናን ያከብዳል።

፫. የመከላከያዎቹ ወሰን

ከላይ የተዘረዘሩት ሽፋኖች በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያጋጥሙትን ብዙ ግጭቶች ለመከላከል በቂ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚጠቅመው ጠባያቸው ራሱ በአንዳንድ ሁኔታ ወደ ጉዳት ይለወጣል። የራስ ቅል ጠንካራና የተዘጋ ስለሆነ ምትን ይመክታል፤ በውስጡ ደም ቢፈስ ወይም እብጠት ቢነሣ ግን የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው አንጎልን የሚያስጨንቅ ወህኒ ይሆናል። ፈሳሹ አንጎልን ያንሳፍፋል፤ ጀርም ከገባበት ግን ዙሪያውን ያዳርሰዋል።

ሀ/ በራስ ላይ የሚደርስ ምት። ራስ በኃይል ሲመታ ወይም በድንገት ሲናወጥ የተንሳፈፈው አንጎል ከራስ ቅል ጋር ይጋጫል። ጉዳቱ በተመታው በኩል ብቻ ሳይሆን በተቃራኒው ወገንም ሊደርስ ይችላል። የአንጎል መናወጥ የሚባለው ይህ ነው። አጥንት ሳይሰበርና ደም ሳይታይ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ይፈዝዛል፣ የሆነውን ይረሳል፣ ያቅለሸልሸዋል። በሚቀጥሉትም ቀናት ራስ ምታት፣ ትኩረት ማጣትና ድካም ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

ከዚህ የሚከፋው በጎን ራስ ላይ የሚደርስ ምት ነው። ከጆሮ ግንድ በላይ ባለው ስስ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠንካራውን ሽፋን የሚመግብ ደም ቅዳ ሥር ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ይህ ሥር ሊበጠስና በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ደም ሊጠራቀም ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ነገር አሳሳች ነው። ልጁ ከወደቀ በኋላ ይነሣል፤ ይናገራል፤ ደኅና ነኝ ይላል። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ግን ራሱን እጅግ ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። በጊዜ ሆስፒታል ደርሶ የተጠራቀመው ደም ከወጣለት ሊድን የሚችለው ልጅ፣ «ተኝቶ ይነሣ» ተብሎ ከተተወ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ከዛፍ የወደቀ፣ በድንጋይ የተፈነከተ፣ በኳስ ሜዳ ራሱን የተጋጨ ተማሪ ብቻውን ወደ ቤቱ መሰደድ የለበትም። ወላጆቹ ነገሩን ማወቅ አለባቸው። የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ የሚወጣው፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው የሚሰፋ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ወይም ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይገባዋል። በዚህ ዕለት ወደ ጨዋታ መመለስም የለበትም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው የቅጣት ጉዳይ ነው። ኩርኩም፣ ጥፊና ራስን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ቀላል ተግሣጽ ይቆጠራሉ። ከላይ እንደተገለጸው ግን ምቱ የሚያርፈው ትምህርቱ በሚቀመጥበት የሰውነት ክፍል መከለያ ላይ ነው። ጥፊ የጆሮ ታንቡርን ሊቀድ፣ በጎን ራስ ላይ የሚያርፍ ምትም ስሱን አጥንት ሊያገኘው ይችላል። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚህ ረገድ የሰውነት ሳይንስና ሕጉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው።

ለ/ ማጅራት ገትር። ይህ በሽታ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ሽፋኖች መቆጣት ነው። ሽፋኖቹ ከራስ ቅል ወጥተው በማጅራት በኩል እስከ ወገብ ስለሚወርዱ፣ ታማሚው አንገቱን ወደ ደረቱ ለማጎንበስ ሲሞክር የተቆጡት ሽፋኖች ይሳባሉ፤ ሕመሙንም ለመከላከል የማጅራት ጡንቻዎች ይገተራሉ። የአማርኛው ስም ዋናውን ምልክት በቀጥታ የሚገልጽ ነው።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ በሰሐራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ በኩል በሚያልፈው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ይህን ቀበቶ ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔይሶኒ እ.ኤ.አ. በ1963 በዝርዝር ገልጾታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ታላላቅ ወረርሽኞች ተነሥተው ብዙ ሕይወት አጥፍተዋል። ወረርሽኙ የሚበረታው አየሩ ደረቅና አቧራማ በሚሆንበት በበጋ ወራት ሲሆን፣ ዝናብ ሲጀምር ይቀንሳል። ጀርሙ በሰዎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ሳያሳምም ሊኖር ይችላል፤ በሳል፣ በማስነጠስና በቅርብ ንክኪ ይተላለፋል። በዚህ የተነሣ የተጨናነቀ የመማሪያ ክፍል ለመዛመቱ ምቹ ነው።

ቀድሞ ለአብዛኛዎቹ የቀበቶው ወረርሽኞች መነሻ የነበረው ምድብ «ኤ» የሚባለው የጀርሙ ዓይነት ነበር። ለዚሁ ዓይነት ተብሎ የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ መሰጠት ጀመረ፤ በኢትዮጵያም ከ2013 አንሥቶ በየክልሉ ተራ በተራ በዘመቻ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ምድብ «ኤ» እጅግ ቀንሷል። ሌሎች ዓይነቶችና ሌሎች ጀርሞች ግን ስላሉ በሽታው ጠፍቷል ብሎ መዘናጋት አይገባም። አምስት ዓይነቶችን በአንድነት የሚከላከለው አዲሱ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጤና ድርጅትን የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ በ2024ም በናይጄሪያ መሰጠት ጀምሯል።

መምህሩ ሊያስተውላቸው የሚገቡት ምልክቶች ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የማጅራት መገተር፣ ብርሃን መጥላትና መፍዘዝ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ሽፍታ በቆዳ ላይ ይወጣል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ልጅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ሐኪሙ በወገብ አጥንቶች መካከል፣ ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች፣ መርፌ አስገብቶ ጥቂት ፈሳሽ በመቅዳት ይመረምራል። ይህ ዘዴ ጀርመናዊው ሐኪም ኩዊንኬ እ.ኤ.አ. በ1891 ካሳወቀው ጀምሮ የሚሠራበት ነው። መርፌው «ሽባ ያደርጋል» የሚለው የወላጆች ሥጋት መሠረት የሌለው መሆኑን መምህሩ ሊያስረዳቸው ይገባል፤ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ በሌለበት ስፍራ ነውና።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በባክቴሪያ ከሚመጣ ማጅራት ገትር ከሚያዙት ስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ ይሞታል፤ ከአምስት አንዱም ከባድ ጉዳት ይደርስበታል። ከጉዳቶቹ መካከል ለትምህርት ቤት በተለይ የሚያሳስበው የመስማት ችግር ነው። በሽታው ከድር መሰሉ ሽፋን ሥር ካለው ፈሳሽ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሊዛመት ይችላል። ድኖ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ ሲጠሩት የማይመልስ፣ የተነገረውን የሚያሳስት፣ በትምህርቱ የወደቀ ቢሆን ሰነፍ ሆነ ከማለት በፊት መስማቱን ማረጋገጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ እንደ ግድየለሽነት የሚታየው ነገር ጆሮው የተዘጋበት ልጅ ዝምታ ነው።

፬. ለክፍል ትምህርት የሚረዱ ዘዴዎች

ትምህርቱን ያለ ውድ መሣሪያ በሚከተሉት መንገዶች ለማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፦ ክዳን ያላቸው ሁለት ጣሳዎች ይዘጋጁ። በአንደኛው ጥሬ እንቁላል ብቻውን፣ በሌላው እንቁላልና አፍ እስከ ገደፉ ውኃ ይደረግ። ሁለቱም በእኩል ኃይል ሲነቀነቁ ውኃ የሌለበት እንቁላል ፈጥኖ ሲሰበር፣ በውኃ ውስጥ ያለው ይበልጥ ይቋቋማል። ተማሪዎች ስለ ፈሳሹ ጥቅም በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ በዚህ ይረዱታል። መምህሩ ውኃ ያለበትንም ጣሳ ይበልጥ አጥብቆ ቢነቀንቀው እንቁላሉ ሊሰበር እንደሚችል ማሳየት አለበት፤ የመከላከያው ወሰን የሚታየው በዚህ ነውና።

ሁለተኛ፦ ከቄራ ወይም ከሥጋ ቤት የተገኘ የጤነኛ በግ ራስ ተፈልጦ ሲከፈት፣ ከአጥንቱ ሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን በዓይን ይታያል። ሽፋኑ ቀስ ተብሎ ሲነሣ የአንጎሉ እጥፋቶችና የደም ሥሮቹ ይገለጣሉ። በበሽታ የሞተ እንስሳ ፈጽሞ ለዚህ ተግባር መዋል የለበትም። ከሥራውም በኋላ እጅና ዕቃ በሳሙና በሚገባ ይታጠቡ።

ሦስተኛ፦ የሽፋኖቹ ስም በቅደም ተከተል ብቻ እንዳይሸመደድ፣ ለእያንዳንዱ «ምንን ይከላከላል? ምንን አይከላከልም?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ። በዚህ ዓይነት የተማረ ልጅ ቤቱ ሄዶ ታናሽ ወንድሙ ሲታመም የሚያስታውሰው ስሞቹን ሳይሆን ምክንያቶቹን ይሆናል።

ማጠቃለያ

አንጎል ለስላሳና የማይተካ በመሆኑ በቆዳ፣ በአጥንት፣ በሦስት ሽፋኖችና በፈሳሽ ተከቦ ይጠበቃል። እነዚህ መከላከያዎች ያላቸው ኃይል የተወሰነ ስለሆነ የጎደለውን የሚሞላው የሰው ጥንቃቄ ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በዚህ ረገድ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። እነዚህም በበጋ ወራት የመማሪያ ክፍሎች በቂ መስኮትና የአየር መተላለፊያ እንዲኖራቸው ማድረግ፤ በራስ ላይ ለሚደርስ አደጋና ለማጅራት ገትር ምልክቶች የሚሆን አጭር መመሪያ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ማካተት፤ ትምህርት ቤቶች ከአቅራቢያቸው የጤና ተቋም ጋር የማያቋርጥ ግንኙነት እንዲኖራቸው ማድረግ፤ ከበሽታው ድነው ለሚመለሱ ተማሪዎችም የመስማት ምርመራ የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ናቸው።

መምህሩ ደግሞ የሚጠበቅበት ከዚህ የቀለለ ነው። የልጁን ራስ አለመምታት፣ የተመታውንም አለመተው፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ሲያይም እስከ ነገ አለመጠበቅ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚፈጽም መምህር የሚያስተምረውን አንጎል ከሌሎቹ ሽፋኖች ጋር ሆኖ የሚጠብቅ አንድ ተጨማሪ ሽፋን ይሆናል።